«ከሳህ»፣ «ወፈርሽ»፤ የገላና የዓይን ታሪክ በቸርችል ጎዳና

በአገራችን ከ«እንዴት ሰነበትክ» ቀጥሎ የሚመጣው የገላ ነገር ነው። ሁለት ወር ያልተያዩ ሰዎች ሲገናኙ አንዱ ሌላውን ከላይ እስከ ታች ይቃኝና «ምነው ከሳህ? አመመህ እንዴ?» ይላል፤ ወይም «ወፈርሽ እኮ! ተመችቶሻል» ይላል። ተናጋሪው ክፋት የለበትም፤ መቆርቆሩ ነው። ሰሚው ግን ስቆ ያልፍና ነገሩን ይዞት ዶርም ይገባል። በማግሥቱ ምሳ ሰዓት ካፌ የማይታይ አለ፤ «ጠግቤአለሁ» እያለች የጓደኞቿን ትሪ የምትመለከት አለች፤ የእንቁላል ነጩን ብቻ እየበላ ክንዱ እስኪዝል ብረት ሲያነሳ የሚያመሽም አለ። ስለዚህ ጉዳይ በየግቢው ብዙ ይሳቃል እንጂ ብዙ አይወራም።

ለምን እንደማይወራ ይታወቃል። «ይህማ የጥጋብ በሽታ ነው፤ ከፈረንጅ የመጣ ነው፤ ሕዝብ በሚራብበት አገር ስለ ወገብ መጨነቅ ነውር ነው» የሚል መልስ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። መልሱ ቀላል አይደለም፤ ግማሽ እውነት አለበትና። በ2008 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2016) በተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው ሴቶች መካከል 22 ከመቶ የሚሆኑት ለጤና ከሚገባው በታች የቀጠኑ ነበሩ፤ ከልክ በላይ የወፈሩት 8 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በወንዶቹ በኩል 33 ከመቶው ቀጭን፣ 3 ከመቶው ወፍራም ነበር። እንዲህ ባለ አገር «ገላዬ አስጠላኝ» ብሎ እንጀራ የሚገፋ ሰው ቢያፍር ምን ይደንቃል!

ይሁን እንጂ ነውር የተባለ ሕመም አይጠፋም፤ ይደበቃል እንጂ። ደግሞስ ነገሩ በእርግጥ ከውጭ የመጣ እንግዳ ነው ወይ? ይህን ለመመርመር ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከማዘጋጃ ቤቱ ተነስቶ በፒያሳ ጥግ ቁልቁል እስከ ለገሐር የሚወርደው ቸርችል ጎዳናና አካባቢው የመቶ ዓመት ምስክር ይሆነናል። የምስክሩም ቃል ባጭሩ ይኸ ነው፦ በእኛ አገር የሰው ዓይን ሁልጊዜ ይፈራ ነበር፤ የተለወጠው ዓይኑ የሚያርፍበት ቦታ ነው። ድሮ የሚፈራው ምግቡ ላይ ሲያርፍ ነበር፤ ዛሬ የሚፈራው ገላ ላይ ሲያርፍ ነው።

፩. መሶብና መጋረጃ

በድሮው ሥርዓት መብላት በዓይን ፊት የሚደረግ ተራ ነገር አልነበረም። ንጉሥ ሲበላ መጋረጃ ይጋረዳል። መኳንንቱ ሲጎርሱና ሲጠጡ አሽከር ሸማ ዘርግቶ ይከልላቸዋል። ተራው ሰውም ቢሆን ቡዳ እንዳይበላው ፊቱን በነጠላው ጫፍ ይሸፍናል። በምኒልክ ቤተ መንግሥት ግብር ሲበላ በሺህ የሚቆጠር ሰው አዳራሽ ይገባ ነበር፤ ታዲያ ማን መጀመሪያ እንደሚገባ፣ ማን ከየትኛው ብልት እንደሚደርሰው፣ ማን ጠጁን በብርሌ ማን በዋንጫ እንደሚጠጣ ሁሉ በማዕረግ የተወሰነ ነበር። ሰው የሚበላው ሆዱ የጠየቀውን ሳይሆን ደረጃው የፈቀደለትን ነበር ማለት ይቻላል።

ፒያሳ ያለው የእቴጌ ጣይቱ ሆቴል ታሪክ ይህንን በደንብ ያሳያል። ሆቴሉ በ1898 ዓ.ም. የተመሠረተ ነው ይባላል። ነገር ግን ከቤት ውጭ፣ በማያውቁት ሰው ፊት፣ ያውም በገንዘብ መብላት እንደ ነውር ይታይ ስለነበረ ገበያተኛ ጠፋ። በመጨረሻ ምኒልክ ራሳቸው መኳንንቶቻቸውን ይዘው ገብተው፣ በልተው ሒሳብ ከፍለው አስለመዱት ተብሎ ይተረካል። እንግዲህ ልብ በሉ፦ በዚያን ጊዜ የአራዳ ሰው ያፈረው በወገቡ ስፋት አልነበረም፤ አፉን ሲከፍት በመታየቱ ነው።

ይህ ሲባል ግን ገላ አይታይም ነበር ማለት አይደለም። መወፈር የመመቸት ምልክት ነበር፤ የወፈረ ሰው የሚበላው አለው፣ ከወፈረም የሚያበላው አለው ተብሎ ይታሰብ ነበር። ለዚህም ነው «ወፈርሽ» ዛሬ ድረስ ምርቃት መስሎን የምንናገረው። ነገር ግን «የድሮ ሰው ወፍራም ነበር የሚወድ» ብሎ መደምደም ስሕተት ነው። አማርኛው ራሱ ይመሰክራል። ተንደላቆ የሚኖረውን ሰው «ቀጭን ጌታ»፣ ሥራ የማይነካትን ወይዘሮ «ቀጭን እመቤት» እንላለን፤ ከላይ የሚወርድ የማይመለስ ትእዛዝም «ቀጭን ትእዛዝ» ነው። የሴት ልጅ ወገብ «ሸንቃጣ»፣ የወንድ ቁመና «ሎጋ»፣ «መለሎ»፣ «ዘንካታ» እየተባለ ሲወደስ ኖሯል። ትልቁ ንጉሠ ነገሥት ምኒልክ ደልደል ያሉ ሲሆኑ፣ ከእርሳቸው በኋላ ረጅሙን ዘመን የገዙት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ደግሞ አጭርና ቀጭን ነበሩ፤ የሁለቱም ግርማ አልጎደለም።

ስለዚህ መሠረቱ ውፍረት ወይም ቅጥነት አይደለም። መሠረቱ ገላን እንደ ማስረጃ ማንበብ ነው፦ ይኸ ሰው በልቷል፣ ያ አልበላም፤ ይቺ የተከበረ ቤት ልጅ ናት፣ ያቺ አይደለችም። በዚህ ንባብ ውስጥ ደግሞ ሴትና ወንድ እኩል አልነበሩም። እንጀራውን የጋገረችው፣ ወጡን የሠራችው ሴት ብዙውን ጊዜ የምትበላው ባልና እንግዳ ከተነሡ በኋላ ነበር። ከሌላው እጅ ጉርሻ መቀበል ግን የሁሉም ግዴታ ነበር፤ እምቢ ማለት ፍቅርን እንደ መግፋት ይቆጠራል። ሆዳችን የራሳችን ብቻ ሆኖ አያውቅም።

፪. ልክ፣ መስተዋትና ፎቶግራፍ

ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ሲገባ ከመሣሪያው ጋር ሌላ ዓይን ይዞ መጣ። ወታደሩ ወደ አገራችን ሲዘምት ይዘፍነው የነበረው «ፋቸታ ኔራ» የተባለው ዘፈን (እ.ኤ.አ. 1935) የሐበሻን ሴት ፊት እንደ ምርኮ የሚያይ ነበር። ሁለት ዓመት ሳይሞላው፣ በሚያዝያ 1929 ዓ.ም.፣ ያው መንግሥት ጣሊያናዊ ሆኖ ከአገሬው ሰው ጋር እንደ ባልና ሚስት የኖረ እስከ አምስት ዓመት ይታሰራል ብሎ ሕግ አወጣ። በአንድ ወገን የተመኘውን ገላ በሌላ ወገን ረከሰ አለው። ከተማውንም በቀለም ከፈለው፤ የአራዳን ገበያ ከጊዮርጊስ አካባቢ አንስቶ ለአገሬው ሰው ወደ ምዕራብ አዛወረው፤ ዛሬ መርካቶ የምንለው ነው። ሰው ገላውን በሌላ ሰው ሚዛን እንዲመዝን ከሚያስተምሩ ነገሮች ሁሉ ይህ የከፋው ነው።

ከነፃነት በኋላ ጎዳናው በእንግሊዙ ጠቅላይ ሚኒስትር በዊንስተን ቸርችል ስም ተጠራ። (ሰውየው ቦርጫቸው ከሲጋራቸው እኩል የታወቀ መሆኑን፣ ይህም ክብራቸውን በአገራቸው እንዳልቀነሰባቸው በቅንፍ ማስታወስ ደግ ነው።) በጎዳናው ግራና ቀኝ፣ በፒያሳም ውስጥ የአርመን፣ የግሪክ፣ የጣሊያንና የአገር ልጅ ልብስ ሰፊዎች፣ ጸጉር አስተካካዮች፣ ኬክ ቤቶች፣ ቡና ቤቶች በዙ። «አራዳ» የሚለው የሰፈር ስም የሰው ጠባይ ስም ሆነ፤ ተቃራኒውም «ፋራ» ተባለ። አራዳ ለመሆን ደግሞ አንደበት ብቻ አይበቃም፤ አለባበስ፣ አረማመድ፣ የጸጉር አበጣጠር አለው። ጎዳናው መታያ ሆነ።

እዚህ ላይ ሁለት ጥቃቅን የሚመስሉ ለውጦች አሉ። የመጀመሪያው የልብስ ነው። ልብስ ሰፊ ሜትሩን ዘርግቶ ልክህን ይወስዳል፤ ልብሱን ለገላህ ያበጃል። የተዘጋጀ ልብስ ሲመጣ ግን ቁጥሩ አስቀድሞ ተጽፏል፤ አልገባም ካለ ጥፋተኛው ሱሪው ሳይሆን ለባሹ ይመስለዋል። ከባሕር ማዶ ለመጣው ሰልባጅም እንዲሁ ነው፤ ለማናውቀው ሰው ተሰፍቶ እኛ ልንገባበት እንታገላለን።

ሁለተኛው ፎቶግራፍ ነው። ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ የነበሩት አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያንና ልጆቻቸው በዚህ ከተማ የፎቶን ሥራ ካስለመዱት ዋነኞቹ ናቸው። ቀስ በቀስ ሰው ሁሉ ለሠርግ፣ ለምርቃት፣ ለመታወቂያ ስቱዲዮ ይገባ ጀመር። ስቱዲዮው ደግሞ ያየውን ብቻ አይሰጥም፤ ፎቶ አንሺው በኔጋቲቩ ላይ በቀጭን እርሳስ «ሪቱሽ» ይሠራል፤ ጠባሳ ያጠፋል፣ የጉንጭ ጥላ ያቀልላል። ሰው ራሱን ከራሱ የተሻለ ሆኖ ያየው ያኔ ነው። ዛሬ በስልካችን ላይ በጣት የምናደርገው ሥራ አያቱ ይህ እርሳስ ነው። ከእነዚያ አሮጌ ቤቶች ብዙዎቹ በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ሰፈሮች ሲፈርሱ አብረው ሄደዋል፤ ልማዱ ግን አልፈረሰም።

፫. መጋቢት 21

ስለ እኛ ስለ ተማሪዎች ሳናነሳ ብናልፍ ታሪኩ ጎደሎ ይሆናል። መጋቢት 21 ቀን 1960 ዓ.ም. ከፒያሳ ሽቅብ ስድስት ኪሎ፣ በያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ራስ መኰንን አዳራሽ፣ የልብስ ፋሽን ትርዒት ተዘጋጀ። ሴት ተማሪዎች ልብስ ለብሰው የሚታዩበት ነበር። ተቃዋሚ ተማሪዎች ትርዒቱን የባዕድ ባህል ወረራ ነው ብለው አዳራሹን ከበቡ፤ ተመልካቹን አዋከቡ፤ እንቁላል ተወረወረ። ፖሊስ ገባ፣ መሪዎቹ ታሰሩ፣ ዩኒቨርሲቲው ተዘጋ። ይህ ቀን በተማሪው ንቅናቄ ታሪክ ውስጥ ትልቅ ቦታ ይዞ ይገኛል።

የተቃዋሚዎቹን ሐሳብ መናቅ አይገባም። ገበሬው በረሃብና በጭሰኝነት ሲማቅቅ በመዲናይቱ የአውሮፓን ልብስ ማሳየት ያንገበግባል፤ በሴት ገላ ዕቃ መሸጥ ስድብ ነው ማለትም ትክክል ነው። ነገር ግን አንድ ጥያቄ ይቀራል። ከአዳራሹ ውጭ የቆሙት ወንዶች አብዛኞቹ የለበሱት ኮትና ሱሪ ነበር፤ እሱም ከአክሱም የመጣ አልነበረም። በእነሱ ኮት ላይ ማንም እንቁላል አልወረወረም። የአገር ክብር የተመዘነው በሚኒስከርት ርዝመት፣ ማለትም በሴቷ ጉልበት ላይ ነበር። አንዱ ወገን «ይህንን ልበሺና ታዪ» አላት፤ ሌላው ወገን «ይህንን ለብሰሽ እንዳትታዪ» አላት። ሁለቱም ያነበቡት ገላዋን ነው። እስዋን ምን ትፈልጊያለሽ ብሎ ለመጠየቅ ጊዜ ያገኘ ጥቂት ነው።

፬. ማዘጋጃ ቤቱና ትግላችን

ወደ ቸርችል ጎዳና ራስጌ እንመለስ። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ስቱዲዮው በማዘጋጃ ቤቱ ሕንፃ ውስጥ ነበር። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ ደርግ በዚህ ቴሌቪዥን የእንግሊዛዊውን ጋዜጠኛ የጆናታን ዲምብልቢን የወሎ ረሃብ ፊልም አሳየ፤ ከተራቡት ሰዎች ምስል ጋር እያፈራረቀ የቤተ መንግሥቱን ድግስ አስገባበት። በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። በዚያች ሌሊት የከሳ ገላና የጠገበ ገላ ጎን ለጎን ቀርበው ፍርድ ተሰጠ። ፍርዱ ትክክል ነበር፤ ረሃቡ እውነት ነውና። ከዚያ ወዲህ ግን ቦርጭ የበዝባዥ ምልክት ሆነ፤ ትናንት የመመቸት ምርቃት የነበረው ዛሬ የክስ ወረቀት ሆነ።

ጎዳናውን ትንሽ ወረድ ስንል የትግላችን ሐውልት አለ። በመስከረም 1977 ዓ.ም. ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ተመረቀ። ከሐውልቱ ግራና ቀኝ ባለው ቅርጽ ላይ ወታደሩም ሠራተኛውም ደረቱ የሰፋ፣ ክንዱ የፈረጠመ፣ አንገቱ የቀና ነው። የአዲሱ ሰው ገላ እንዲህ ይሁን ተብሎ በነሐስ ተፈረደ። አንድ ወር አልፎት፣ ጥቅምት 13 ቀን፣ ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር በነበረችው በኮረም መጠለያ የተነሣው የቢቢሲው የማይክል በርክ ዘገባ በዓለም ታየ። አዲስ አበባ ላይ የነሐስ ጡንቻ፣ ኮረም ላይ ቆዳና አጥንት፤ የአንድ አገር፣ የአንድ መኸር ገላዎች።

ያ ዘገባ ብዙ ሕይወት አትርፏል፤ ምስጋና ይገባዋል። ነገር ግን በዓለም ዓይን «ኢትዮጵያዊ» ማለት የከሳ ገላ ማለት ሆኖ ቀረ። በአሜሪካ የእኛን ቅጥነት መሳለቂያ ያደረጉ ቀልዶች በየትምህርት ቤቱ ተነገሩ፤ በስደት ያደጉ ብዙ ልጆቻችን ገና ስማቸውን ሳይናገሩ «ምግብ አላችሁ ወይ?» ተብለዋል። ከዚያ በፊት በ1952 ዓ.ም. መጨረሻ አበበ ቢቂላ በሮም በባዶ እግሩ ሲያሸንፍ ቀጭን የሐበሻ ገላ የዓለም መደነቂያ ነበር። ገላው ያው ነው፤ አንባቢው ነው የተለወጠው።

፭. ከሊሴው ደጃፍ እስከ ስልካችን

በዚሁ በቸርችል ጎዳና ሊሴ ገብረ ማርያም ይገኛል። እዚያ ስትማር አንድ የፊልም ሰው ዓይን ያረፈባት ሊያ ከበደ ወደ ፓሪስና ኒው ዮርክ ተሻግራ ታላቅ ሞዴል ሆነች፤ እ.ኤ.አ. በ2003 ኤስቴ ሎደር የተባለው የመዋቢያ ድርጅት መለያ ፊት አድርጎ የመረጣት የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ናት። ከኮረም ዘገባ እስከዚያ ያለው 19 ዓመት ብቻ ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ የሐበሻ ቅጥነት በዚያው በምዕራቡ ስክሪን ከመከራ ምልክትነት ወደ ቁንጅና ምልክትነት ዞረ። ሊያ ያገኘችውን ዝና ለእናቶችና ለሕፃናት ጤና በ1997 ዓ.ም. ባቋቋመችው ድርጅት ማዋልዋ የሚያስመሰግናት ነው። ለእኛ ለተመልካቾቹ ግን ትምህርቱ ሌላ ነው፦ ትናንት በቅጥነታችን አፍረን ዛሬ ባለመቅጠናችን የምናፍር ከሆነ፣ ሚዛኑ በእጃችን አይደለም ማለት ነው።

ይህ በእኛ ብቻ የደረሰ አይደለም። በፊጂ ደሴት እንደኛው ሰው ሲገናኝ ስለ ገላ ይነጋገር ነበር፤ ደንደን ያለ ገላ ይወደዳል፣ የከሳ ሰው ያሳስባል። በአንድ ክፍለ ሀገር ቴሌቪዥን እ.ኤ.አ. በ1995 ገባ። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ አን ቤከር በዚያ ዓመት የጠየቀቻቸው ተማሪ ልጃገረዶች ለመቅጠን ብለን እናስታውካለን ያለች አንዲትም አልነበረችም፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ከመቶ 11 የሚሆኑት እናደርጋለን አሉ። በሽታውን ቴሌቪዥን ፈጠረው ማለት አይደለም፤ ምግብን እየገፉ መክሳት ለንደንና ፓሪስ ባሉ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1870ዎቹ ስም ወጥቶለታል። ነገር ግን ገላን ማንበብ በለመደ ኅብረተሰብ መካከል አዲስ መስተዋት ሲተከል ምን እንደሚሆን ያሳያል።

ወንዶቹስ? «ይህ የሴት ጣጣ ነው» የሚል ካለ አንድ ምሽት ጂም ይግባ። ጡንቻ እያለው ራሱን «ቀጫጫ» አድርጎ የሚያይ ወንድ መኖሩን እነ ሃሪሰን ፖፕ እ.ኤ.አ. በ1997 በሐኪም ቋንቋ ስም ሰጥተው ጽፈዋል። እኛ ዘንድ ሸክሙ ይብሳል፤ ሴቷ ለጓደኛዋ ሹክ ትላለች፣ ወንዱ ግን «ወንድ ልጅ ስለ መልኩ አያወራም» ተብሎ አድጓልና ብረቱን ብቻውን ያነሳል።

፮. ጾም ፋሲካ አለው

በመጨረሻ አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። እኛ የምንጾም ሕዝብ ነን። በኦርቶዶክስ ሥርዓት የሁዳዴው 55 ቀን፣ ረቡዕና ዓርብ፣ ሌላውም ተደምሮ ምእመኑ በዓመት 180 ቀን ያህል ይጾማል፤ ሙስሊሙም ረመዳን አለው። በእንዲህ ያለ አገር አለመብላት ጥርጣሬ አይቀሰቅስም። «ጾም ነኝ» ካለች ማን ይጠይቃታል? እንዲያውም ትመሰገናለች። ለዚህ ነው ሕመሙ በእኛ መካከል መሸሸጊያ የሚያገኘው።

ልዩነቱ ግን ግልጽ ነው። ጾም ቀን አለው፤ ሰዓት አለው፤ ከጎረቤት ጋር የሚጾም ነው፤ ፋሲካ አለው። ገላን በመጥላት የሚደረግ ረሃብ ፋሲካ የለውም። አምስት ኪሎ ሲቀንስ ሌላ አምስት ይጠይቃል። ይህም የጠባይ ድክመት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1944 እና በ1945 በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ 36 ጤነኛ ወጣት ወንዶች በፈቃዳቸው ለስድስት ወር ምግባቸው ተቀንሶ ነበር። ክብደታቸው ሩቡን ያህል ሲቀንስ አእምሯቸውም ተለወጠ፤ ቀን ከሌት ስለ ምግብ ማሰብ፣ የምግብ አሠራር መጻሕፍት ማንበብ፣ ከሰው መሸሽ፣ መከፋት ያዛቸው። ረሃብ ራሱ አእምሮን እንደሚያሳምም ከዚህ ይታያል። ስለዚህ የምትከሳዋን ጓደኛ «እንግዲህ ብዪ» ብሎ መገሠጽ፣ የሚያነክስን ሰው ሩጥ እንደማለት ነው። ከጎኗ ተቀምጦ አብሮ መብላት፣ ካልሆነም ወደ ሐኪም አብሮ መሄድ ይሻላል።

ወንድሞችና እህቶች፣ አማርኛችን ገላንም ሰው መሆንንም በአንድ ቃል «ሰውነት» ይላል። አባቶቻችን የሰው ዓይን ያስፈራል ባሉ ጊዜ ለሚበላው ሰው ሸማ ዘርግተው ይከልሉት ነበር። ያ ልማድ ኋላ ቀር ይባል ይሆናል፤ ቢያንስ ግን ፍርሃቱን ለተፈራው ሰው ብቻ አልተውለትም፤ ሸማውን የሚይዝለት ሌላ ሰው ነበር። ዛሬ ያ ሸማ የለንም። መጀመር የምንችለው ከሰላምታችን ነው። ሁለት ወር ያላየነውን ሰው ስንገናኝ «ከሳህ»፣ «ወፈርሽ» ትተን «ናፍቀኸኛል፤ ምሳ በልተሃል? ና አብረን እንብላ» ብንል ምን ይቸግረናል?